የእናቴ ግማሽ ኪሎ ድንጋይ

ክፍል ውስጥ፣ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ጥቁር ድንጋይ አለ። አዲስ ተማሪዎች ወረቀት ነፋስ እንዳይወስድብኝ ያስቀመጥኩት ይመስላቸዋል። ስለ ክብደት የማስተምር ቀን ግን አነሳውና «ይኼ ስንት ይመዝናል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ያን ጊዜ ሁልጊዜ የትኩስ ዳቦ ሽታ ይመጣብኛል።

ልጅ እያለሁ እናቴ ዘሃራ ሮቤ ገበያ ውስጥ ምስርና አብሽ ትሸጥ ነበር። የሚዛኗ የግማሽ ኪሎ ብረት ስለጠፋባት በምትኩ ይህን ድንጋይ ትጠቀም ነበር። ያኔ በድንጋይ መመዘን ማንንም አያስገርምም ነበር።

ያን ዓመት ዘይቱም፣ ስኳሩም፣ ጤፉም ዋጋው በየሳምንቱ ይጨምር ነበር። ለእኛ ለአራት ልጆቿ የቀረን የድጎማ ዳቦ ብቻ ነው። ድጎማ ማለት እንዲህ ነው፤ መንግሥት ስንዴውን በርካሽ ለዱቄት ፋብሪካ ይሰጣል፣ ዱቄቱ በርካሽ ዳቦ ቤት ይደርሳል፣ ዳቦ ቤቱም ከተለጠፈው ዋጋ በላይ አይሸጥም። አንዱ ዳቦ መቶ ግራም መሆን አለበት የሚል ወረቀትም ግድግዳው ላይ ነበር። ዋጋው መነቃነቅ ስላልቻለ ክብደቱ ተነቃነቀ። ዙሪያችን ሁሉ የስንዴ ማሳ ሆኖ ሳለ ዳቦው በየወሩ ከሳ። ታናሽ ወንድሜ የራሱን በሁለት ጉርሻ ይጨርስና የእኔን ያያል።

አንድ ጠዋት እናቴ ሚዛኗን ይዛ፣ እኔን አስከትላ ዳቦ ቤት ሄደች። ተሰልፋ አምስት ዳቦ ገዛች። ከዚያ እዚያው ሚዛኗን አንጠልጥላ በአንዱ ሳህን ዳቦውን፣ በሌላው ድንጋዩን አደረገች። ድንጋዩ ወደ ታች ወረደ።

«ጋሽ ሙሉጌታ፣ አምስት ዳቦ ግማሽ ኪሎ መሆን ነበረበት። ይዩት።»

የዳቦ ቤቱ ባለቤት ሳቁ። «በድንጋይ ልትመዝኚኝ መጣሽ?»

«ድንጋይ ኑሮ ሲወደድ አይከሳም።»

ከሰልፉ ውስጥ ባለጋሪው አባ ጀማል፣ «ወላሂ፣ ፈረሴ እንኳ እንደዚህ ዳቦ አልከሳም!» አሉ። ሰዉ ሳቀ።

ጋሽ ሙሉጌታ ተናደዱ። ድንጋዩን ነጥቀው፣ በጆንያ ተሸፍኖ የኖረውን የራሳቸውን ሚዛን ገልጠው ላዩ ላይ አስቀመጡት። አምስት መቶ ሃምሳ ግራም።

«ይኸው! ድንጋይሽ ውሸታም ነው! ስንት ዓመት ሕዝቡን በዚህ ስትመዝኚለት ኖርሽ? ካሁን በኋላ ለአንቺ ዳቦ የለም!»

እናቴም ደነገጠች፤ አታውቅም ነበር። ሚዛኗ ውሸታም ነው ከተባለ ምስሯን ማን ይገዛታል? ምስሩ ካልተሸጠ፣ ዳቦውም ከተከለከለ፣ ምን እንበላለን?

የመለሱላቸው አባ ጀማል ናቸው። «ዱጋ ነው፣ እውነት ነው፣ ዋሽቷል! ግን ማንን? ግማሽ ኪሎ ምስር በገዛሁ ቁጥር ሃምሳ ግራም ሲጨመርልኝ ኖሯል እኮ!»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። እናቴ ግን አልሳቀችም። «የእኔ ታወቀ» አለች። «አሁን ዳቦውን እዚያው በእርስዎ ሚዛን ያስቀምጡት።»

ጋሽ ሙሉጌታ አልተነቃነቁም። አባ ጀማል ራሳቸው አምስቱን ዳቦ አንስተው አስቀመጡት። አራት መቶ ግራም። የአንድ ሙሉ ዳቦ ጉድለት።

በዚያ ቀን አምስት የገዛ ሁሉ ስድስት ይዞ ሄደ። በእኛ ላይ ግን ጋሽ ሙሉጌታ ቃላቸውን ጠበቁ። ጎረቤቶቻችን ድርሻችንን በየራሳቸው ስም መግዛት እስኪጀምሩ ድረስ ሁለት ሳምንት ሙሉ የገብስ ቆሎ በላን። ጥርሴ ቢደክምም ሆዴ ኮርቶ ነበር።

ዘመዶቻችን ሁሉ ድንጋዩን እንድትቀይር መከሯት። በየሽያጩ ስንት እንደሚያመልጣት አሁን ታውቃለች። «ሁሉም በሚቀንስበት ጊዜ እኔም ልቀንስ?» ብላ እምቢ አለች። ገበያ መውጣት እስካቆመችበት ቀን ድረስ በዚያው መዘነች።

ዛሬ የዳቦው ዋጋ ስንቴ እንደተቀየረ መቁጠር ትቻለሁ። ክብደቱን የሚናገረው ወረቀትም ከግድግዳው ወርዷል። ያኔ የተጻፈ ነገር እያሳየን እንከራከር ነበር፤ አሁን ያለን ሚዛን ብቻ ነው። እኔም ዳቦ ቤት ስገባ «ቲቸር፣ ደግሞ መጣሽ?» ይሉኛል። «መጣሁ» እላለሁ፤ «ሚዛኑን ግለጡት።»

ተማሪዎቼ ድንጋዩን መዝነው አምስት መቶ ሃምሳ ሲሉኝ ትክክል ነው እላቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዷ፣ «ታዲያ ግማሽ ኪሎ ካልሆነ ለምን አይቀየርም?» አለችኝ። ታሪኩን ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። ስጨርስ ድንጋዩን መልሼ ቦታው ላይ አስቀመጥኩት።

አይቀየርም።