ድምፅ ማጉያ እሠራለሁ ያልኩ ጊዜ

ባለፈው ሰሞን ስልኬን ላስጠግን ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ካለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ጎራ አልኩ። ጠጋኙ ልጅ ስልኩን ፈታቶ ብየዳ ሲጀምር የቀለጠ ስታኞ ጢስ አፍንጫዬን መታው፤ ከዚያ ወዲያ ተቀምጬ መጠበቅ አቃተኝ። ወጣሁ፣ ገባሁ፣ ደግሞ ወጣሁ። ልጁ "አባኮ፣ አባቴ፣ ቸኩለዋል እንዴ?" አለኝ። አልቸኮልኩም። የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ሆኜ እዚሁ ነቀምቴ እረፍት አጥቼ የከረምኩበት ወር ነው የመጣብኝ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፣ ወደ መጨረሻው ገደማ። እኔ ሬዲዮ እጠግን ነበር። አባቴ አናጢ ነው፤ የታወቀው ግን በድምፁ ነበር። በየዓመቱ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ የማኅበረ ምእመናናችን ጉባኤ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ ይደረጋል። ከቢላና ከጊዳ አያና ሳይቀር ሰው በእግሩ ይመጣል። ሰባኪያችን አርጅተው ድምፃቸው ከሦስተኛው ረድፍ አያልፍም ነበር። ስለዚህ አባቴ ሕዝቡ መሀል ይቆማል፤ እሳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግረው ዝም ሲሉ እሱ ያንኑ ተቀብሎ ከኋላ ላለው ያሰማል። እሱ ሲጨርስ እሳቸው ይቀጥላሉ። ሃያ ዓመት እንዲህ አብረው ሠሩ። ከጉባኤው በኋላ አባቴ ድምፁ ተዘግቶ፣ ማር በሙቅ ውሃ እየጠጣ፣ ሳምንት ሙሉ በእጁ ነበር የሚያወራን።

የዚያን ዓመት ሽማግሌዎቹ ድምፅ ማጉያ ያስፈልገናል አሉ። ከመካከላቸው አንዱ ባለሱቅ ነበሩ፤ አዲስ አበባ ስለሚመላለሱ ገዝቼ ላምጣ አሉ፣ የፋብሪካ ዕቃ፣ ያለቀለት። እኔ ሳልጠራ ተነሥቼ እሠራዋለሁ አልኩ። ምክንያት አላጣሁም። የሚሸጠው የመብራት መስመር ይፈልጋል፣ ሜዳው ላይ ደግሞ መብራት የለም፤ የእኔ በመኪና ባትሪ ይሠራል። የሚሸጠው ቢበላሽ ታቅፎ አዲስ አበባ መውረድ ነው፤ የእኔን እኔው እፈታዋለሁ። ባለሱቁ ሁሉንም በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ፣ በጉባኤው ቀን ቢቃጠልስ ብለው ጠየቁኝ። እኔ ስለ ባትሪው እንደገና ማስረዳት ጀመርኩ። እውነቱን ልንገርህና፣ መሥራት የፈለግሁት ለሜዳውም ለባትሪውም ብዬ አልነበረም፤ የነቀምቴ ሰው ሁሉ ይህን የሠራው እሱ ነው እያለ እንዲጠቁመኝ ነው።

ያን ጊዜ አባቴ ተነሣ። "ልጄ ይሥራው። እምቢ ካለው እኔ አለሁ፣ እጮኻለሁ" አለ። ሽማግሌዎቹ ሳቁና ነገሩ በዚያው አለቀ። ካልተሳካልኝ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የሚያፍረው እሱ ነበር፤ ይህ ሐሳብ ወሩን ሙሉ እንደ ቁንጫ ሲበላኝ ከረመ።

እሠራለሁ አልኩ እንጂ ትራንዚስተሮቹም፣ ማይክሮፎኑም፣ ዛፍ ላይ የሚሰቀሉት ሁለት ትልልቅ ጥሩንባዎችም በአውቶቡስ ከአዲስ አበባ ነው የመጡት። አውቶቡሱ ከመድረሱ አንድ ሰዓት ቀድሜ መናኸሪያ ቆሜ እቁነጠነጥ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ትራንዚስተሮች በችኮላዬ አቃጠልኳቸው። ትራንዚስተር ሲግል ሙቀቱን የሚቀበለው ብረት ሊታሰርለት ይገባል፤ እኔ ሳላስር ባትሪው ላይ ሰካሁት። ሌሎቹ እስኪመጡ የእናቴን የአሉሚኒየም ድስት ክዳን ቆርጬ አዘጋጀሁላቸው፤ እናቴ ያን ክዳን እስክትሞት ድረስ አልረሳችውም። አባቴ ደግሞ ከሥራው ሲመለስ ዋንዛ እየላገ ሣጥኑን ይሠራልኝ ነበር። ማዕዘኖቹን ያለ አንድ ምስማር ነው ያጋጠማቸው። እኔ ቆሜ ስበላ ያየኝና "ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ተቀመጥ እንጂ" ይለኛል። እቀመጥና ወዲያው እነሣለሁ።

የጉባኤው ዕለት ጥሩንባዎቹን ሜዳው መሀል ያለው ሾላ ላይ ሰቀልን፤ ባትሪውን ከአንድ የቡና ጫኝ መኪና ፈታን። አባቴ የክት ኮቱን ለብሶ መጣና እንደ ሁልጊዜው ሕዝቡ መሀል ቆመ። ምናልባት ቢያስቸግርህ ብዬ ነው አለኝ። ሰባኪው ማይክሮፎኑ ፊት ቆሙ። እኔ ጣቴን ክዳኑ ላይ አሳርፌ ሙቀቱን እለካለሁ። ተናገሩ። ያ ያረጀ፣ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ሜዳውን ሞልቶ ከግርጌው ያለውን ወንዝ ተሻገረ፤ ማዶ የሚግጡ ከብቶች ቀና ቀና አሉ። ትንፋሻቸው እንኳ ይሰማ ነበር።

ከዚያ ዝም አሉ። ማሽኑ የተቋረጠ መስሎኝ በድንጋጤ ሽቦዎቹን ዳሰስኩ፤ የተቋረጠ ነገር አልነበረም። ሰባኪው አባቴን እየጠበቁ ነበር። ሃያ ዓመት የለመዱት ነገር ነዋ። ሕዝቡም ለምዶታልና ያ ሁሉ ሰው ዞሮ አባቴን ያየው ጀመር። አባቴ ደረቱን በአየር ሞልቶ አፉን ከፍቶ ነበር። ነገር ግን ያልሰማ ሰው አልነበረም፤ ከሁሉ ኋላ የቆሙት እንኳ ሰምተዋል። አፉን ገጥሞ አየሩን በአፍንጫው ቀስ ብሎ አስወጣው። በእጁ ለሰባኪው ይቀጥሉ የሚል ምልክት ሰጣቸውና ሣሩ ላይ ተቀመጠ። እሳቸው ግን እስከ መጨረሻው በየዓረፍተ ነገሩ ቆም እያሉ ነው የጨረሱት። በዚያ ዝምታ ሁሉ እኔ አንገቴን ደፍቼ ክዳን እነካ ነበር።

ሲያልቅ ባለሱቁ ሽማግሌ መጥተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ሰው ከቦ ጠቆመኝ፤ የተመኘሁትን ሁሉ አገኘሁ። ወደ ቤት ስንመለስ ሣጥኑን ከአባቴ ጋር ግራና ቀኝ ይዘነው ነበር። ሳልጠይቀው እሱ ጀመረ።

"ይህን ሁሉ ዘመን ስብከቱን ስናገረው እንጂ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ዛሬ ሰማሁት" አለ። ትንሽ ሄደና "ጋሪዳ። ጥሩ ነው፣ ኢልማ ኮ" ብሎ ጨመረ።

ፊቱ ላይ ቅሬታ ፈለግሁ፣ አላገኘሁም። ባገኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ አባቴ በጉባኤ ድምፁን አላነሣም፤ ከሌላው ሰው ጋር ሣር ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል። ማሽኑ ስድስት ዓመት ሠራ። የስንቱን ሰባኪ፣ የስንቱን መዘምራን ድምፅ አሰማሁበት። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ግን፣ አባቴን አንድ ቀን እንኳ ና፣ እዚህ ማይክሮፎኑ ፊት ቁምና አንተም አንድ ቃል ተናገር አላልኩትም። ሐሳቡ አልመጣልኝም። እሱም አልጠየቀኝም።