ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ደብረ ብርሃን ከገባሁ ወዲህ በየዓመቱ ብርዱ ሲጀምር የኤሌክትሪክ ማሞቂያዬን ከአልጋ ስር አውጥቼ ስሰካው፣ ክረምቱን ሙሉ የተኛበት አቧራ ሲግል የሚሰጠው ሽታ ይመጣና አንስቶ ሸዋሮቢት፣ እናቴ ሳሎን ውስጥ ያስቀምጠኛል። ሰው የልጅነቱን ሽታ ሲያነሳ ስለ ማንጎ አበባና ስለ ሎሚ ያወራል፤ የእኔ የጋለ አቧራና የጋለ ላስቲክ ነው፤ ምን ላድርግ፣ እንደየዕድላችን ነው። ድሮም ደንጋጣ ነበርኩ። እናቴ «ይቺ ልጅ ቅጠል ሲወድቅ ትዘላለች» እያለች ትስቅብኝ ነበር። በዚያ ዓመት የደነገጥኩት ግን ቅጠል ወድቆ አልነበረም።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አባታችን ከሞተ አራተኛ ዓመቱን ይዞ፣ ቤቱን የምታስተዳድረው እናታችን ፋጡማ ነበረች፤ ከገበሬው ማሾና ሽንኩርት እየሰበሰበች፣ ለአዲስ አበባ ነጋዴ እያስጫነች እኔንና ታላቅ ወንድሜን ሰዒድን ታሳድግ ነበር። ቤታችን አስፋልቱ ዳር ስለነበር፣ በበጋ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው በመስኮት ገብቶ፣ ዕቃው ላይ ሁሉ ተኝቶ፣ በጣት ስም ይጻፍበት ነበር። እናቴ ከዚህ አቧራ ጋር የማያልቅ ጠብ ነበራት፤ መመከቻዋም ዳንቴል ነበር። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ይለብስ ነበር፣ ሬዲዮው ይለብስ ነበር፣ ፍሪጁም ባርኔጣ የደፋ ሽማግሌ መስሎ ዳንቴሉን ደፍቶ ይቆም ነበር። ሰዒድ «እማ፣ ትንሽ ፈዝዤ ከቆምኩ እኔንም ታለብሺኛለሽ» ይላት ነበር።

በዚያ በጋ እናቴ የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የሰዒድን መሄድ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበር፤ እኩዮቹ አንድ ሁለት እያሉ በአፋር በኩል ወደ ጅቡቲ ወርደው፣ ከዚያም በጀልባ ባሕሩን ተሻግረው ወደ ሳዑዲ ይሄዱ ነበር። አንዳንዱ ደርሶ ይደውላል፤ አንዳንዱ አይደውልም። አንድ ቀን ምሳ ላይ ሰዒድ ከትሪው እጁን አንስቶ «እኔስ እዚህ ምን አለኝ?» አለ። እናቴ የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠችና «ምን ቢኖርህ ትቀመጣለህ?» አለችው። እሱም ለቀልድ፣ «ጌም የሚያጫውት ኮምፒውተር» አላት።

«እሺ» አለች።

ክው አልኩ። ይህች የባትሪ ድንጋይ ሲያልቅ ፀሐይ ላይ አስጥታ መልሳ የምትጠቀም ሴት ናት። «ጊደሯን እሸጣታለሁ» አለች ረጋ ብላ፤ «አንተ ደግሞ ፈተናህን ተፈትነህ ውጤትህ እስኪመጣ የትም አትሄድም። ወላሂ በለኝ።» ሰዒድ «ወላሂ» አለ።

የጊደር ዋጋ ግን ተገጣጥሞ ያለቀለት የጌም ኮምፒውተር አይገዛም፤ ስለዚህ ሰዒድ ዕቃውን ለየብቻ አስመጥቶ እራሱ ሊገጥመው ወስኖ፣ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር አውጥቶ፣ ስልኩ ላይ ያነበበውን እየነገረኝ እኔ በእጄ እጽፍለት ነበር፤ የሱ ጽሑፍ ለራሱም አይነበብም ነበርና። እኔ ኮምፒውተር ማለት እንደ ሐብሐብ አንድ ወጥ ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካስ እርስ በርሱ የማይስማማ መንጋ ኖሯል! ፕሮሰሰሩ ማዘርቦርዱ ላይ ካለው መቀመጫ ጋር ካልገጠመ ሁለቱም ዕቃ አይደሉም፤ ራሙ የማዘርቦርዱ ዘመን ካልሆነ አይገባም፤ ግራፊክስ ካርዱ ጉልበተኛ ሆኖ ፓወር ሰፕላዩ ደካማ ከሆነ ሁሉም ጨለማ ነው። በየገጹ ጽፌ በየገጹ እሰርዝ ነበር። ሰዒድ አንዴ በግራፊክስ ካርድ ጓጉቶ ገንዘቡን በሙሉ እሱ ላይ ሊያፈስ ሲል፣ ማሾ ትለቅም የነበረችው እናቴ ቀና ብላ «ፕሮሰሰር ያልከው እሱ ሥራው ምንድን ነው?» አለች። ነገራት። «እንዲያ ከሆነማ በሬ ከወይፈን ጋር ልትጠምድ ነው። ወይፈኑ ይወድቃል፣ በሬው ቆሞ ይጠብቀዋል፣ እርሻው አይታረስም» አለችው። ሰዒድ ደብተሩን አየ፣ እናቴን አየ፤ ስልኩ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ያነበበው እሱኑ ነበር። ካርዱን ቀነስ፣ ፕሮሰሰሩን ከፍ አድርገን እንደገና ጻፍን።

ዝርዝሩን ይዘው የሄዱት ጋሼ ታደሰ ነበሩ፤ የእናቴን ማሾ አዲስ አበባ የሚያደርሱ፣ ጢማቸው የሸበተ የአይሱዙ ሹፌር። ማዘርቦርዱንና ፕሮሰሰሩን ከፈረሰ የቢሮ ኮምፒውተር፣ ካርዱን አሮጌ፣ ፓወር ሰፕላዩን ግን ሰዒድ «በዚህስ አልሰስትም» ብሎ አዲስ አዘዘ። ዕቃው ሲመጣ እናቴ ጋቢ ዘርግታ፣ እኛ ዙሪያውን ከበን፣ ሰዒድ ራሙን አንስቶ ሊያስገባው ቢል እምቢ አለ። ቢያዞረውም እምቢ። ለካ ከስሩ ያለችው ቀዳዳ ቦታዋ ሌላ ነው፤ ያለፈው ዘመን ራም ነበር። ጋሼ ታደሰ ከሰዒድ ይልቅ እሳቸው ደነገጡና «እትዬ ፋጡማ፣ እኔን ይማረኝ! ሻጩ ራም ሁሉ ራም ነው አለኝ፣ አምኜው» ብለው፣ ያችን ጣት የምታህል ነገር በመሐረብ ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ከተው፣ በሚቀጥለው ጉዟቸው አስቀይረው አመጡ።

የበልግ ዝናብ አቧራውን ባስተኛበት ሰሞን ኮምፒውተሩ ተገጠመ። ሰዒድ ቁልፉን ሲጫነው እናቴ «ቢስሚላህ» አለች፣ ማራገቢያው ጮኸ፣ ስክሪኑ በራ፣ እኔም እንደ ልማዴ ጮህኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን የሰፈር ልጆች መሰብሰቢያ ሆነ፤ ከሁሉም በላይ የማይጠፋው የሰዒድ የልብ ጓደኛ ጀማል ነበር፤ ኳስ ጨዋታ ላይ ሲሸነፍ መሬት ተኝቶ ይንከባለል ነበር። እናቴ ከገበያ ስትመለስ አስቀድማ በሩ ላይ ያለውን ጫማ ትቆጥር ነበር፤ የሰዒድ ሰንደል መካከሉ ካለ ፊቷ ይፈታ ነበር።

በደስታዋም ጊዜ ለኮምፒውተሩ ዳንቴል ሠራችለት። ሦስት ሳምንት ፈጀባት፤ ነጭ ሆኖ ዳሩ ቀይ፣ አቧራው በቀዳዳው እንዳይገባም ከውስጥ ወፍራም ላስቲክ ሰፋችበት። ሰዒድ ሲያየው ሳቁን መያዝ አቃተው። «እማ ሙች፣ ጓደኞቼ መሳቂያ ያደርጉኛል! የጌም ኮምፒውተር ዳንቴል አይለብስም» አላት። እንዳይሞቀው ብሎ አልነገራትም፤ እንዳያሳፍረኝ ነው ያላት። እሷም አጣጥፋ ሳጥኗ ውስጥ ከተተችው።

ግንቦት ገባ። የሸዋሮቢትን ግንቦት ላላየ ሰው አልነግረውም፤ ዶሮዎቹ እንኳ ክንፋቸውን ከፍተው ጥላ ስር ይተኙ ነበር። ኮምፒውተሩ ያን ጊዜ አመል አወጣ። ሰዒድ ተቀምጦበት ሲጫወት ምንም አይለው፤ ጌም እንዲጫን ከፍቶት ወደ ትምህርት ቤት ወይም ወደ ቀትሩ የዙህር ሰላት ሄዶ ሲመለስ ጠፍቶ ያገኘዋል። መጀመሪያ መብራት ኃይልን ረገመ፤ ፍሪጁ ግን እያጉረመረመ ነበር። ቀጥሎ ፈትቶ አጽድቶ መልሶ ገጠመው። ጎረቤታችን መጥታ አየችውና «ዓይን ነው፣ ሰው አብዝታችሁበታል» አለች። በመጨረሻ ሰዒድ ስልኩን አንስቶ ጋሼ ታደሰን «ያረጀ ፓወር ሰፕላይ በአዲስ ዋጋ የሸጡልኝ እርስዎ ነዎት!» ሲላቸው ሰማሁ። አባቴን ከቀበሩ ሰዎች አንዱን! ጋሼ ታደሰ ሲመልሱ የሰማሁት «ልጄ፣ እኔ?» የሚለውን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሰዒድ ኮምፒውተሩን መክፈት ተወ፤ ከቤት ወጥቶ ከጀማል ጋር ወደ መናኸሪያው መሄድ አበዛ። እናቴም በሩ ላይ ጫማ መፈለግ ቀጠለች፤ ጫማው ግን አልነበረም።

ሰኔ ላይ ተፈተነ። ከፈተናው በኋላ ባለው ሐሙስ ቀትር ላይ ግቢያችን ውስጥ ካለው ማንጎ ስር ጠርቶኝ፣ «አንድ የመኪና ጌም እየጫንኩልሽ ነው፣ ካልጠፋ ማታ ትጫወቻለሽ» አለኝ። ደስ ብሎኝ ልሮጥ ስል እጄን ያዘኝ። «ዘይኑ፣ ያኔ ደብተሬን ቀደድሽ ብዬ የመታሁሽን አውፍ በዪኝ።»

ደነገጥኩ። በኛ አገር ሰው እንዲያው በደህና ቀን ተነስቶ አውፍ፣ የበደልኩህን ይቅር በለኝ፣ ብሎ አይጠይቅም። አንድም ዒድ ሲሆን ነው፣ አንድም ሐጅ የሚሄድ ነው፣ አንድም ላይመለስበት የሚችል መንገድ ያሰበ ነው፤ የሰው ሐቅ ይዞ ባሕር ላይ መሞት ይፈራልና። ከሱ በፊት የሄዱት ልጆችም ታናናሾቻቸውን እንዲሁ ጠይቀው እንደነበር እናቶቻቸው ለቅሶ ላይ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። እጄን መንጭቄ ለእናቴ ልናገር ወደ ሳሎን በረርኩ።

እናቴ ሳሎኑ መካከል ጎንበስ ብላ ኮምፒውተሩን ዳንቴሉን እያለበሰችው ነበር።

ከላይ እስከ ታች ጎትታ አልብሳ፣ ቀይ ዳሩን በመዳፏ ስታስተካክል ማራገቢያው ከውስጥ እንደታፈነ ሰው ይጮህ ነበር፤ ክፍሉ የጋለ አቧራና የጋለ ላስቲክ ይሸታል። አፌን ከፍቼ ሳያት ጩኸቱ ቀጥ አለ። ጠፋ።

«እማ! አንቺ ነሽ!» ብዬ ጮህኩ።

«ቀስ በይ፣ ሰዒድ እንዳይሰማ! እሱ ሲያፍርበት ጊዜ እኮ ሲወጣ ብቻ ነው የማለብሰው። የበሩን ድምፅ ስሰማ አነሳለታለሁ» አለችኝ። ዳንቴሉን ገፍፌ እጇን ይዤ የኮምፒውተሩ ቆርቆሮ ላይ አስቀመጥኩት፤ የጋለ ምድጃ እንደነካች ሳበችው። «አየር አጥቶ ነው የሚጠፋው! በየቀኑ ያጠፋሽው አንቺ ነሽ! ሰዒድ ደግሞ አሁን አውፍ በዪኝ አለኝ።»

እናቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች። የቱ እንደመታት እስከዛሬ አላውቅም፤ ሁለቱ አንድ ላይ ይመስለኛል። «ያ ረቢ፣ ልጄን በእጄ እያባረርኩት ኖሯል» አለች። ከዚያም ተነስታ፣ ሻሿ ወርዶ ሳታስተካክለው፣ ዳንቴሉን እንደያዘች ወደ ማንጎው ሄደች። ሰዒድ ሲያያት ብድግ አለ። ሊናገር ሲል እሷ ቀደመችው።

«ሰዒዴ፣ አውፍ በለኝ።»

እናት ልጇን አውፍ ስትጠይቅ በሕይወቴ አይቼም ሰምቼም አላውቅም ነበር። ወደ እግሩ ስታጎነብስ ብብቷን ይዞ አስቀራት። ነገረችው፤ ዳንቴሉን እያሳየች አንድም ሳታስቀር ነገረችው። «በየቀኑ?» አላት። «በየቀኑ» አለችው። መጀመሪያ ሳቀ፤ ሳቁ መቼ ለቅሶ እንደሆነ አላየሁም። አባታችን የተቀበረ ዕለት እንኳ እንዲህ አላለቀሰም። «አውፍ ብያለሁ፣ እማ። አንቺም በዪኝ» ይላት ነበር ደጋግሞ። ሲረጋጋ የመጀመሪያ ሥራው ጋሼ ታደሰ ጋር መደወል ሆነ። እሳቸውም «እግዜር ይፍታህ። ራሙን የተሳሳትኩት ግን እኔው ነኝ፣ እሱን አልክድም» አሉት።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ሦስት ልጆች በጀውሃ በኩል ወደ አፋር ወረዱ። ሰዒድ አልነበረም። ከሦስቱ ሁለቱ ክረምቱ ሳይወጣ ከሳዑዲ ደወሉ። ጀማል እስከዛሬ አልደወለም።

ይህ ሁሉ ካለፈ ብዙ ዓመት ሆነው። ሰዒድ ዛሬ ካራቆሬ የኮምፒውተር መጠገኛ አለው፣ ሁለት ልጆችም ወልዷል፤ እናቴ የልጅ ልጆቿን ጫማ በር ላይ ስታይ የዓለም ሀብት ያገኘች ይመስላታል። ባለፈው ዓረፋ ሸዋሮቢት ተገናኝተን ሁለታችን ብቻ ስንቀር፣ ያን ቀን እውነት ሊሄድ ቆርጦ እንደነበር ጠየቅኩት።

«ቦርሳዬ እነጀማል ቤት ነበር» አለኝ።

እናታችን እንዳታይበት ሐሙስ ጠዋት ወስዶ ከጀማል አልጋ ስር አስቀምጦት ኖሯል፤ ሁለት ሱሪና ሁለት ሸሚዝ፣ ሁሉም ለመንገዱ የተገዙ አዲሶች። ጀማል የራሱን ይዞ ሲሄድ የሰዒድ እዚያው ቀረ። የጀማል እናት ካገኘችው ወዲህ ልጇ ለመንገድ አዘጋጅቶ የረሳው መስሏት፣ በየዓረፋው ልብሶቹን አውጥታ፣ አጥባ፣ አስጥታ፣ አጣጥፋ መልሳ ታስቀምጣቸዋለች። ሰዒድ ለዓረፋ ሊዘይራት በሄደ ቁጥር የልብስ ገመዱ ላይ ያያቸዋል። «ምን ብዬ የኔ ነው ልበላት?» አለኝ።

ልጅ ሳለሁ ስደነግጥ ጮኼ ወደ እናቴ እሮጥ ነበር። ሰዒድ ይህን ሲነግረኝ ግን አልጮህኩም፤ ለእናቴም እስካሁን አልነገርኳትም። በማግስቱ ወደ ደብረ ብርሃን ልመለስ መናኸሪያ ስሄድ የጀማል እናት መንገድ ላይ አገኘችኝና ሁለት ጉንጬን ስማ፣ «ሰዒድ ደህና ነው?» አለችኝ።

«ደህና ነው» አልኳት።