ሦስተኛው ወንበር

የሰፈሩ ማርሽ ባንድ ሲለማመድ ከኋላ ተቀምጬ ማየት ልማዴ ነው፤ ከሙዚቃው ይልቅ ሰዎቹ ቶሎ ይገቡኛል። ዓይኔ የሚያርፈው ሦስተኛው ወንበር ላይ ትራምፔት ይዘው በሚቀመጡት ሽማግሌ ላይ ነው። ባንዱ ሲመሠረት ከነበሩት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው አሉ። ልጃቸው ለጎረቤት እንዳወራችው ከሆነ፣ የልምምድ ቀን ካልሆነ ጢማቸውን አይላጩም። ኮታቸው ክርኑ ላይ ተጥፏል፤ ጣቶቻቸው ግን አንድ ኖታ አይስቱም። ጉንጫቸውም ይነፋል።

ድምፅ ግን የለም። የፊት ጥርሳቸውን ካስነቀሉ ወዲህ ከንፈራቸው ትንፋሽ አልይዝ ብሏል። እንዴት ነቃሁባቸው? ነፊዎች ዘፈን በጨረሱ ቁጥር መሣሪያቸው ውስጥ የተጠራቀመውን የትንፋሽ ውሃ ወለሉ ላይ ያንጠባጥባሉ። የሁሉም እግር ሥር ይረጥባል፤ የእሳቸው ደረቅ ነው።

ዛሬ የባንዱ መሪ ብው ብሎ ተነሣ። «መንፋት ያቃተው ወንበሩን ለሚችል ይልቀቅ! ማን እንደሚነፋ ወለሉ ይነግረኛል!» አለና አንገቱን ደፍቶ በየረድፉ መዞር ጀመረ። ሽማግሌው ትራምፔታቸውን እንደ ሕፃን ደረታቸው ላይ ለጠፉት።

አጠገባቸው የምትነፋው ነርስ ጎንበስ ብላ የራሷን ውሃ እሳቸው እግር ሥር ጠብ ጠብ አደረገችው።

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ ጫማዬን!» አሏት።

«ዝም ይበሉ ጋሼ፣» አለች በሹክሹክታ። «የራስዎ ነው።»