ኮከቧ እስክታልፍ

ልጅ ሳለሁ በአደራ የተነገረኝን ምስጢር ሠላሳ ዓመት ደብቄ ኖሬ፣ በመጨረሻ ከሚመለከታት ሴት አስቀድሜ ለቱሪስቶች ተረክሁት። ስለ ራሴ ከማውቀው ሁሉ የከፋው ይህ ነው።

ያኔ የምንኖረው ሳጉሬ፣ እናቴ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነበር። የግቢው ዘበኛ አባባ በዳሳ ይባሉ ነበር። አመሻሽ ላይ እናቴ ደብተር ስታርም እኔና የሌሎቹ መምህራን ልጆች የዘበኛ ቤታቸው ደጃፍ ላይ እሳታቸውን እንከባለን፤ የባሕር ዛፍ ቅጠሉ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰው፣ ፍሙ ከፊት ጉልበታችንን እየጠበሰ፣ ያ የአርሲ ደጋ ብርድ ደግሞ ከኋላ ጀርባችንን እየቆረጠመው። አባባ በዳሳ የጅብና የቀበሮ ተረት አያውቁም ነበር። እሳቸው የሚያወሩልን ስለምትሄደው ኮከብ ነው።

በወጣትነታቸው ከከተማው በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ፈረንጆች ድንኳን ተክለው ከርመው ነበር። በሰማይ የምትዞር ሳተላይት በትልቅ ካሜራ ፎቶ እያነሱ የምድርን ርቀት ይለኩባታል። የአባባ በዳሳ ሥራ ጨለማ ማዘጋጀት ነበር። ኮከቧ ልታልፍ ስትል ከኮረብታው ሥር ወዳሉት ቤቶች ይወርዱና በየበሩ እየዞሩ እሳቱ በአመድ እንዲዳፈን፣ ኩራዙ እንዲጠፋ ይለምናሉ፤ ብርሃን ካለ ፎቶው ይበላሻል ተብለዋልና።

«በዳሳ፣ ኮከብህ ጎመኔን አይታ ልትቀማኝ ነው?» ይላቸው ነበር አንዱ ጎረቤት።

«ጎመንህን ምን ልታደርገው! ሚስትህ ካየቻት ግን ተከትላት እንዳትሄድ ብዬ ነው።»

እኛ በሳቅ እንንከባለላለን። ከዚያ እሳቸው ፍሙን ያዳፍኑና ኩራዙን እፍ ብለው «አሁን ወደ ላይ!» ሲሉን ሰማዩ በአንድ ጊዜ ይወርድብናል፤ ከመብዛቱ የተነሣ ትንንሾቹ እናታቸውን ይጠራሉ። ታሪኩ ሁልጊዜ የሚያልቀው በአንድ ዓይነት ነበር። ኮከቧ ታልፋለች፣ አመዱ ይገለጣል፣ ሁሉም እራቱን ይበላል።

አንድ ምሽት ሌሎቹ ልጆች ቀድመው ገቡና ብቻዬን ቀረሁ። «አባባ፣ ሁሉም እራቱን ሲበላ እርስዎ የት ነበሩ?» አልኳቸው፤ ሌላ የምጠይቀው ስላጣሁ ነው።

«አንድ ቀን፣» አሉ ዓይናቸውን ከፍሙ ሳያነሡ፣ «ኮከቧ ልትደርስ ትንሽ ሲቀራት የከድጃ ቤት ገና ያበራል። ብጣራ መልስ የለም። ባሏ ከብት ይዞ ሩቅ አገር ነው። ገባሁ። ከወለደች ሳምንቷ ነበር፤ ሕፃኑን አቅፋ እንቅልፍ ወስዷታል። ልቀሰቅሳት አሳዘነችኝ። ግንዱ ትልቅ ነው፣ አልዳፈን አለኝ። ውኃ ደፋሁበት።»

ኮከቧ እንዳለፈች ከጎረቤት ፍም በገል ይዘው ተመልሰው ሊያነዱላት ነበር ሐሳባቸው። ነገር ግን ደመና መጣ፤ ፈረንጆቹ ሌላ ዙር እንጠብቅ አሉ። ሲንቀጠቀጡ አይተውም አንድ ወፍራም ካፖርት አለበሷቸው።

«ሞቀኝ፣ ልጄ። ሞቀኝና ተኛሁ።»

የነቁት ከታች በሚሰማ ለቅሶ ነው። ሌሊቱን ካፊያ ጥሎ ነበር። ከድጃ አመዱን ረጥቦ ብታገኘው የጣሪያዋ ፍሳሽ መሰላት፤ እሷ ተኝታ እሳቱ ጠፍቶ፣ ልጇን ብርድ እንደገደለባት ለመጣው ሁሉ እያለቀሰች ተናገረች። አባባ በዳሳ ለቀስተኛው መሐል ተቀምጠው ሰሙ፤ አፋቸው አልከፈት አለ።

«ለማንም እንዳትነግሪ» አሉኝ። «ራሴ እነግራታለሁ።»

እኔ ከድጃን አውቃቸው ነበር፤ በኦሮምኛ ወግ «አዴ» እያልን ነው የምንጠራቸው። በገበያ ቀን ቅቤ ይዘው ይመጣሉ፤ ገበያው ሳይሟሟቅ ተነሥተው ይሄዳሉ። ሴቶቹ «ከድጃ ባሏን ጥላ እሳቷን አገባች» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ሌሊት ጋደም እንደማይሉ፣ እሳቱ አጠገብ ተቀምጠው እንደሚያነጉ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ያኔ እኔም ከሳቂዎቹ ጋር ስቄያለሁ። ከዚያ ምሽት በኋላ ግን ሳያቸው መንገድ እቀይር ጀመር።

አባባ በዳሳ ሳይነግሯቸው ሞቱ። በቀብሩ ዕለት አዴ ከድጃ «እንዲህ ያለ ደግ ሰው!» እያሉ ሲያለቅሱ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። አደራው ያን ቀን አብሯቸው እንደተቀበረ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ የራሴ እንደሆነ የገባኝ ይመስለኛል። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ነገ እያልኩ ተምሬ ጨረስኩ፣ አሰላ የጂኦግራፊ መምህርት ሆንኩ፣ ወለድኩ።

ኋላ ቱሪስቶች መምጣት ጀመሩ። የጠፈር ታሪክ ያለበትን ሥፍራ እየፈለጉ አገር ላገር የሚዞሩ ሰዎች ናቸው። አንድ የማውቀው ሰው እንግሊዝኛ እንደምችል ነግሯቸው ቤቴ መጡ፤ አሳደርኳቸው፣ በማግሥቱ ሳጉሬ ወስጄ ኮረብታው ላይ አወጣኋቸው። እዚያ የቀረው ጉልበት የማይደርስ የሲሚንቶ ምሰሶ ብቻ ነው። እነሱ ግን ተንበርክከው ይዳስሱታል፣ ደጋግመው ፎቶ ያነሡታል። እኔም ስለ ጨለማ አዘጋጁ ዘበኛ አወራላቸዋለሁ፤ ስለ ጎመኑ ይስቃሉ። ስንወርድ አዴ ከድጃ ቤት ጎራ ብለን እርጎ እንጠጣለን፤ የጎመኑ ቀልድ እዚያም ይደገማል። አርጅተዋል፤ የወንድማቸው የልጅ ልጅ ሰሚራ አብራቸው ትኖራለች። እንግዳ ሲመጣላቸው ደስ ይላቸዋል።

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ሦስት ሆነው መጡ። ገና ከመንገድ ዝናብ ያዘን፤ ኮረብታው በጉም ተሸፍኖ ምሰሶውንም ሳያዩ አዴ ከድጃ ቤት ገባን። በስብሰው፣ ፊታቸው ጠቁሮ ተቀመጡ። ከሩቅ መጥተው ምንም አላዩም። የዘበኛውን ታሪክ አወራሁላቸው፤ እንዳሰብኩት አልሳቁም። አንደኛዋ ሴትዮ በትሕትና «ይኸው ነው?» አለችኝ።

ያኔ ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ባዶ እጃቸውን እንዳይመለሱ አልኩና ቀሪውን ነገርኳቸው። በእንግሊዝኛ ነው። በእንግሊዝኛ ሳወራ በር የዘጋሁ ይመስለኝ ነበር። ስለ ውኃው፣ ስለ ካፖርቱ፣ ስለ ሕፃኑ፣ ቃሌን እየመረጥኩ፣ የሚያሳዝነው ቦታ ላይ ድምፄን ዝቅ እያደረግኩ ተረክሁ። የሴትዮዋ ዓይን እንባ ሲያቀርር ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ ብሎኛል።

ቀና ስል ሰሚራ አፏን ወደ አዴ ከድጃ ጆሮ አስጠግታ ታንሾካሹካለች። አሥረኛ ክፍል ናት፤ እንግሊዝኛ አስተማሪዋ ጎበዝ እንደሆነ ራሷ ነግራኝ ነበር። ለካ በመጣሁ ቁጥር የምለውን ሁሉ በኦሮምኛ ትተረጉምላቸው ነበር፤ የጎመኑንም ቀልድ የሚስቁት ከእኛ ጋር ነው። አሁን ግን ልጅቷ መሐል ላይ አቋረጠች። የማንን ታሪክ እንደምትናገር ገባት።

«ጨርሺው» አሏት አዴ ከድጃ።

ጨረሰችው። አዴ ከድጃ ወደ እኔ ዞሩ።

«እንግዲያው እኔ አልነበርኩም?»

«አልነበሩም፣ አዴ።»

«በዳሳ ነው የነገረሽ?»

«አዎ።»

«መቼ?»

መዋሸት አማረኝ። «ልጅ ሳለሁ» አልኩ።

አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ቁጣ አልነበረበትም። «ያኔ ብትነግሪኝ እተኛ ነበር» አሉኝ። ከዚያ ለእንግዶቹ እርጎ እንዲጨመርላቸው ሰሚራን አዘዟት።

ያን ቀን በሚኒባስ ወደ አሰላ ስንመለስ ሴትዮዋ እጄን ይዛ አመሰገነችኝ፤ ከጉዞዋ ሁሉ የማትረሳው ይህን ቤት እንደሆነ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ ማንንም ይዤ ኮረብታው ላይ አልወጣሁም። ሰሚራን አንድ ቀን አሰላ አግኝቻት አዴ ከድጃ ይተኙ እንደሆነ ጠየቅኋት። «ሞክራ ነበር» አለችኝ፤ «ከዚህ በኋላ አይለመደኝም ብላ ተወችው።»

አባባ በዳሳን እወዳቸው ነበር፤ አሁንም እወዳቸዋለሁ። እሳቸው የፈሩትን እኔም ፈርቼው ይሆናል እያልኩ ራሴን ላጽናና እሞክራለሁ፤ ግን እሳቸው በፍርሃታቸው ተሰቃዩ እንጂ መድረክ አላወጡትም። ትናንት ሌሊትም ብርድ ልብሱን ከልጄ ላይ ገልጬ ትንፋሹን ሳዳምጥ ራሴን አገኘሁት፤ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። አዴ ከድጃን ይቅርታ ለመጠየቅ ሁለት ጊዜ ሳጉሬ ድረስ ሄጄ ከመናኸሪያው ተመልሻለሁ። ሦስተኛውን እሄዳለሁ፤ በሩ ላይ የሚያደርሰኝ ጉልበት ግን ገና የለኝም። እናንተ ይህን ያነበባችሁ፣ እባካችሁ ይቅር በሉኝ።