ጀርባውን ለበሩ የሰጠው ወንበር

የዚያን ዓመት ነፋስ የሚያስታውስ ሰው ዛሬም ጥርሱ ሥር አቧራ ይሰማዋል። ዝናቡ ያለ ጊዜው ተቋረጠ፤ ነፋሱ ግን አላባራ አለ። ቆርቆሮው ሲንኳኳ ይውላል፣ በሩ ሲመታ ሰው ይሁን ነፋስ ሳይለይ ልብ ቀድሞ ይደነግጣል። ሰዉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማውራት የጀመረውም በዚያው ወቅት ነበር። ራቅ ባለች ከተማ የውሃ ማከፋፈያ ውስጥ ሰው ሰርጎ ገብቶ ባደረሰው ፍንዳታ ሁለት ተረኞች ሞቱ የሚል ወሬ ከመጣ ወዲህ ጎረቤት ጎረቤቱን በጎን ያየው ጀመር።

ልብስ ሰፊዋ ከታናሽ ወንድሟ ጋር ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ትኖር ነበር። እናታቸው ስትሞት እሷ አሥራ ዘጠኝ፣ እሱ ሰባት ዓመቱ ነበርና እናትም አባትም ሆና ያሳደገችው እሷ ናት፤ ባል የማግባቷ ነገር በዚያው ቀረ። እሱም አድጎ፣ ተምሮ፣ የከተማው ውሃ መቆጣጠሪያ ክፍል ተቀጠረ። ሥራው ስምንት ሰዓት ሙሉ ሰሌዳ ፊት ተቀምጦ መብራት ማየት ነው፤ ግፊቱ ሲወርድ ፓምፕ ያስነሣል፣ ሲበዛ ያጠፋል። ሰፈርተኛው ግን «ካፒቴን» ነበር የሚለው።

ካፒቴን ያሰኘው የእሁዱ ጨዋታ ነው። እሱ፣ አንድ የሒሳብ መምህርና አንድ ሰዓት ጠጋኝ፣ በቴሌቪዥን ይታይ የነበረ የጠፈር መርከብ ተከታታይ ፊልም ልባቸውን ወስዶት ነበር። ሌላው ሰው ተኩሱን ሲያይ እነሱ የሚያዩት መርከቡ የሚታዘዝበትን ክፍል ነው፤ የካፒቴኑ ወንበር የት እንደሆነ፣ መሪ የያዘው ሰው ካፒቴኑን ለማየት ስንት ጊዜ አንገቱን እንደሚያዞር። ፊልሙ አልቆ፣ ሰውም ረስቶት፣ እነሱ የራሳቸውን ማዘዣ ክፍል መንደፍ አልተዉም። ሰዓት ጠጋኙ ከማተሚያ ቤት ቁራጭ ወረቀት ያመጣል፣ መምህሩ ማስመሪያውን፣ ወንድሟ ደግሞ ያንን ጸጥ ያለ እጁን።

አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ያልተቀመጡበት ክፍል ክፍል አይባልም። ወረቀት ላይ የተነደፈው እሁድ ከሰዓት በኋላ ወለሉ ላይ በጠመኔ ይሠመራል፤ ልኩ በእርምጃ ነው። ወንበርና ሣጥን ይደረደራል፣ ሁሉም በየቦታው ይቀመጣል፣ «ኮከቡ ይታይሃል?» «እጅህ ይደርሳል?» መባባል ይመጣል። በሌላ ከተማም እንደነሱው የለከፋቸው ሁለት ሰዎች ነበሩና ንድፉ በፖስታ ይላክላቸዋል፤ እነሱም ግቢያቸው ውስጥ ሠምረው፣ ተቀምጠውበት፣ ያገኙትን ስህተት ጽፈው ይመልሳሉ። ስህተት ያገኘ አሸናፊ ነው።

ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ትስቅባቸው ነበር። ይሄ መርከብ ከወለሌ ሳይነሣ የስንት ተማሪ ቤት ጠመኔ ጨረሰ ትላለች። ኋላ ግን አንድ ሰው ሲጎድል እሷንም ያስቀምጧት ጀመር፤ ሞተር ጠባቂ አደረጓት፣ ቦታዋም የስፌት መኪናዋ ዘንድ ሆነ። «ሞተሩ እንዴት ነው?» ሲሏት «ክር በጥሷል» ትላለች፤ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ክሩ እስኪቀጠል መርከባቸውን አቁመው ይጠብቃሉ።

ፍንዳታው ከተሰማ በኋላ ግን የወንድሟ ሳቅ ተወሰደ። የመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ የተተከለው ከበሩ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ ስለሆነ ተረኛው የሚቀመጠው ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ነው። የሞቱትም ሁለቱ ተረኞች ፊታቸውን እንኳ ሳያዞሩ ነው ያለቁት ይባል ነበር። ከዚያ ወዲያ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ማጅራቱን ይበላው ጀመር። የመላጫ መስታወቱን ይዞ ሄዶ ሰሌዳው ላይ ቢሰካው አለቃው፣ ይሄ ፀጉር ቤት ነው እንዴ ብሎ አስነሣው። ሰሌዳው ይዙርልን ብሎ ሦስት ጊዜ ማመልከቻ ጻፈ፤ መልስ የለም። የሚሰማው ሲያጣ የሚያውቀውን አደረገ። ክፍሉን እንዳለ፣ በእርምጃ ለክቶ፣ መስኮቱ ላይ ከዋክብት ጨምሮ ነደፈና «አሮጌዋ መርከብ» አላት። ሰሌዳውን ያዞረባትን ደግሞ «አዲሷ መርከብ» አላት። ልማዳቸው አሮጌዋ ቀድማ ሄዳ ስህተቷ እንዲፈለግ ነውና፣ እሷን ብቻ ፖስታ ውስጥ ከትቶ ለሌላው ከተማ ሰዎች ላካት። ከዳር በኩል በዚያ በሚያምር ጽሕፈቱ፣ በዚህ በር የገባ ሰው ሳይታይ በሰባት እርምጃ ከተረኛው ጀርባ ይደርሳል ብሎ ነበር።

ፖስታ ቤት የምትሠራው ጎረቤት አንድ ረቡዕ ቀሚስ ላሳጥር ብላ መጣች። ልኩ ሲወሰድላት ቆማ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ማለት ይቻላል፣ «እህት ዓለም፣ የካፒቴን ፖስታ ተከፍቷል። የያዙት ሰዎች የመሥሪያ ቤቱን ስም እየጠሩ ነበር። እኔ አልነገርኩሽም» አለቻት። ቀሚሱን ሳትሰጣት ይዛው ሄደች።

ወንድሟ ለምሳ ሲመጣ ነገረችው። ማንኪያውን አስቀመጠ። እንግዲህ ነገ ከነገ ወዲያ ይጠሩኛል አለ፤ ከዚያ አልጋው ሥር ያለውን የወረቀት ጥቅል በአገጩ እያሳያት፣ «እትዬ፣ እነዚያን እንዳትነኪያቸው። አርባ አንዱንም ንድፍ ካዩ ጨዋታ መሆኑ ለሕፃንም ይገባል። አንዷን ብቻ ካዩ ግን አለቀልኝ» አላት። እሺ አለችው። እሺ ስትልም ከልቧ ነበር።

በማግስቱ እሱ ወደ ተራው ሄደ፣ እሷ መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። እጅጌ ገልብጣ ሰፋች፣ ፈታች፣ ደግማ ገልብጣ ሰፋች። አርባ አንዱም ውስጥ መርከብ እንጂ ሌላ እንደሌለ ታውቃለች፤ ግን በእንግዳ ዐይን ልታያቸው ሞከረችና ሁሉም ተለወጡባት። ይሄ የማን ክፍል ነው ይላሉ፤ ይሄ ቀስት ምንድን ነው ይላሉ፤ «መሣሪያ ክፍል» የሚለውን ሲያዩስ? አምስት ሰዓት ሲሆን ነጭ መኪና ማዕዘኑ ላይ ቆመና ሁለት ወንዶች ወረዱ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ። እንዴት ጥቅሉን ከአልጋ ሥር እንዳወጣችው፣ እንዴት ከሰል ምድጃው ዘንድ እንደደረሰች አታውቀውም። አንድ በአንድ ከተተቻቸው። ትንንሽ ወንበሮች፣ ከዋክብት፣ የመምህሩ ቁጥሮች፣ «አዲሷ መርከብ»ም አብራ። አንዱ ላይ የስፌት መኪና ተሥሎ «ሞተር ጠባቂ፦ እትዬ» የሚል አየች፤ እጇ ቆም አለ፣ እሱንም ከተተችው።

ሰዎቹ ከመኪናው ፍሪጅ አውርደው ወደ ማዶ ቤት አስገቡ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ፤ እሷ የምትለቅመውም አልነበራትም። አመድ አይለቀም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንድሟ ከሁለት የጸጥታ ሰዎች ጋር ገባ። አንዱ ሽበታም ነው፤ ወጣቱ ደብተር ይዟል። መሥሪያ ቤቱ ድረስ መጥተውበት፣ ቤቴ ኑና ሁሉንም ላሳያችሁ ብሎ የለመናቸው ራሱ ነበር። ፊቱ ላይ ከስንት ጊዜ በኋላ ፈገግታ ነበረ።

«እትዬ፣ ጥቅሉን አምጪልኝ» አላት።

ዐይኗ ወደ ከሰሉ ሸሸ። ወጣቱ አየሩን አሽትቶ ወደ ምድጃው ሄደ፣ ጎንበስ ብሎ በእስክሪብቶው አመዱን ቆፈር ቆፈር አደረገ። ጫፏ ያልነደደች ቁራጭ አገኘ፤ ላይዋ ላይ የሚታየው የአንዲት ወንበር እግር ብቻ ነበር።

«ለምንድን ነው ያቃጠሉት፣ እናት?»

«ፈርቼ» አለች።

«እንግዲያው የሚያስፈራ ነገር ነበረበት ማለት ነዋ» አለና ጻፈ።

ወንድሟ አንድ ጊዜ አያት። ቁጣ አልነበረበትም፤ ሰሌዳው ላይ የጠፋ መብራት የሚያይ ይመስል ነበር። ከዚያ ፈገግታውን እንደምንም መልሶ ከመስኮቱ ደፍ ጠመኔ አነሣ፤ ልማዱ ነው፣ ያልተቀመጡበት ክፍል ክፍል አይባልም። ተንበርክኮ አሮጌዋን መርከብ ወለሉ ላይ በልኳ ሠመረ። ሽበታሙን ካፒቴኑ ቦታ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ አስቀመጠው። ሰውዬውም ቀልድ መስሎት ይሁን ደክሞት ተቀመጠለት። ወንድሟ እሷን በዐይኑ ወደ በሩ ሰደዳት፤ ወጥታ እንድትገባ ነው። ሄደች። ቆርቆሮው ይንኳኳል። ጫማዋን አውልቃ እየቆጠረች ገባች፤ ሰባት ስትል እጇን የወንበሩ መደገፊያ ላይ አሳረፈች።

ሽበታሙ ዘሎ ተነሣ፣ እጁ ወደ ወገቡ ሄደ።

«አዩ?» አለ ወንድሟ። «ሦስት ጊዜ የጻፍኩላቸው ይሄንን ነው።»

ሰውዬው ኮቱን አስተካከለ። መደንገጡ አሳፍሮታል፤ ሰው ደግሞ ያሳፈረውን አይምርም። «አየሁ» አለ። «ሰው እንዴት እንደሚደረስበት ይሄን ያህል ካወቅህ ቀሪውን እኛ ዘንድ ትነግረናለህ።» ይዘውት ወጡ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ተለቀቀ። መቱህ ወይ ስትለው ወሬ ለወጠባት፤ ሲተኛ ግን በር በሩን እያየ ነበር። መምህሩና ሰዓት ጠጋኙ መንገድ ላይ ሲያዩዋት ወደ ማዶ ይሻገሩ ጀመር፤ እሷም አልፈረደችባቸውም፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ እንዳይገባ ተከለከለና የአንድ ቀን መንገድ ርቆ፣ ሐይቅ ዳር ወዳለ የፓምፕ ቤት ተዛወረ። ሻንጣውን ስታዘጋጅለት ስለ አመዱ የተናገረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ «እኔም ብሆን አቃጥላቸው ነበር» አላት። ውሸቱን መሆኑን አወቀች። ቢሰድባት ይቀላት ነበር።

ሦስት ደብዳቤ ጻፈላት። የመጀመሪያው ስለ ሐይቁ ነፋስ ነበር፣ ሁለተኛው ብርድ ልብስ ላኪልኝ የሚል። በሦስተኛው፣ እዚህ አለቃ ስለሌለ ወንበሬን ወደ በሩ አዙሬዋለሁ፤ ሰሌዳውን በመላጫ መስታወት ነው የማየው ብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ አልመጣም። በዓመቱ ራሷ ተሳፍራ ሄደች፤ የፓምፕ ቤቱን ሌላ ሰው ይዞታል፣ ወንበሩ ግን በሩን እንዳየ ነበር።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየው ለፓምፑ ነዳጅ የሚያመላልሰው ሾፌር ነው። በነፋሱ ወር ማለቂያ፣ ማክሰኞ ጧት፣ ወደ ማዶ በምትሻገረው ጀልባ ላይ ሻንጣውን ይዞ፣ ፊቱን ወደመጣበት ዳርቻ አዙሮ ተቀምጦ ነበር ብሏል።