ጮክ ብዬ ያላነበብኳት ወረቀት

ይህን ነገር ለባሌም ለንስሐ አባቴም ነግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ሌላ ሌላውን ስዘረዝር እቆይና እዚህ ጋ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰራል። አሁን ግን ለጉባኤያችን መጽሔት ልጽፈው ተቀምጫለሁ። ብዙ ስላልተማርኩ አጻጻፌ ቢወላገድ ታገሡኝ፤ ነገሩን ግን አላወላግደውም።

አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ። በወጣቶች ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ማይክ ይዛ ስትለፈልፍ የምትውለው አንቲ ዘነበች እኔ ነኝ። ለማታውቁኝ፣ ማኅበሩን ያቋቋምነው እዚህ አሜሪካ፣ ዴንቨርና ኦሮራ የሚያድጉ ልጆቻችን ወንድምና እህት ተባብለው እንዲያድጉ ነው። በዓመት አንድ ቅዳሜ አዳራሽ ተከራይተን እንሰበስባቸዋለን። ጠዋት ልጆቹ አንድ በአንድ መድረክ ላይ ይወጣሉ። እኔ “የማን ልጅ ነህ? የማን ልጅ ነሽ?” እላለሁ። የአባታቸውን ስም ሲጠሩ ስለ ቤታቸው አንድ የሚያስቅ ነገር ጣል አደርጋለሁ። አባትየው ታክሲውን የት ፓርክ እንዳደረገ ጠፍቶበት ኤርፖርቱን ስንቴ እንደዞረ፣ እናትየው መንጃ ፈቃድ ስትፈተን ፈታኙን እንዴት እንዳስለቀሰችው። አዳራሹ ይስቃል። እኔ ደግሞ ሰው ሲስቅልኝ ሌላው ሁሉ ይረሳኛል። በሽታዬ ይኸው ነው።

የዛሬ አራት ዓመት አንዲት የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ወጣች። ሶስና እላታለሁ፤ ስሟ ግን አይደለም፤ የእናቷንም ስም ቀይሬዋለሁ። ከእናቷ ጋር ሞንትቤሎ ሰፈር ነው የሚኖሩት። አባቷ ትቷቸው ሌላ ስቴት ሄዶ ሌላ ቤት መሥርቷል። እኔ ይህን አላውቅም ነበር? አውቃለሁ! እናቷ ናት መኪናዬ ውስጥ ተቀምጣ እያለቀሰች የነገረችኝ።

“የማን ልጅ ነሽ?” አልኳት።

“የአበባ።”

“የእናትሽንማ እናውቃለን! አባወራውን ጥሪልን እንጂ!”

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሷም አብራ ሳቀች። ዓመት ሙሉ “ስቃለች እኮ” እያልኩ ራሴን ሳታልል የኖርኩት በዚያች ሳቅ ነው። ሦስት መቶ ዓይን እያያት ምን ታድርግ? ትጩኽ?

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰብሳቢያችን ጋሽ ተወልደ አዲስ ነገር አመጡ። አሥመራ አስተማሪ የነበሩ፣ አንድ ቃል ከተናገሩ የማያጥፉ ሰው ናቸው። ለልጆቹ ሁሉ የአስተያየት ወረቀት አደሉ። ሦስት ጥያቄ ነው ያለው፦ ምን ወደዳችሁ? ምን ይቀየር? በሚመጣው ዓመት ትመጣላችሁ?

“ስም አትጻፉ፤” አሉ ጋሽ ተወልደ። “ማንም አይቆጣችሁም። እያንዳንዷ ወረቀት ኮሚቴው ፊት ጮክ ተብላ ትነበባለች። ቃሌ ነው።”

ልጆቹ ሁሉም ማለት ይቻላል በእንግሊዝኛ ጻፉ። ወደ አማርኛ እንድመልሰው ክምሩ ለእኔ ተሰጠኝ። እንግሊዝኛዬ ከቴሌቪዥንና ከማስታምማቸው አሮጊቶች የለቀምኩት ቢሆንም ኮሚቴው ውስጥ ከእኔ የተሻለ አልተገኘም። እሑድ ቻምበርስ ሮድ ያለው አፓርትመንቴ ውስጥ ተቀምጬ ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ። አንዱ “ንግግሩ ሳያልቅ የስልኬ ባትሪ አለቀ” ይላል። አንዷ ደግሞ “ሦስት ሰዓት ብላችሁ አምስት ሰዓት መጀመር ውሸት አይደለም?” ትላለች።

ከመሀል አንዲት ወረቀት ወጣች፣ በአማርኛ የተጻፈች። ፊደሏ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፤ እርሳሱ ተጭኖ ተጭኖ ወረቀቱን በስቶታል። እንዲህ ትላለች፦

“ዳንሱን ወደድኩ። የማን ልጅ ነሽ ብላችሁ አትጠይቁን። ስማችንን ጠይቁን። አንቲ ዘነበች ጥሩ ታወራለች፤ ግን የቤታችንን ባታወራ።”

ስም የለባትም። ስም ያስፈልጋት ነበር? በአማርኛ የጻፈችውስ ለምንድን ነው? ትልልቆቹ ሰው ሳያስፈልጋቸው ራሳቸው እንዲያነቡላት ነዋ! ከዚያ ሁሉ ክምር ተርጓሚ የማትፈልገው እሷ ብቻ ነበረች። ተርጓሚዋ እኔ እሷኑ አስቀረኋት። አጥፌ የሹራብ መሥሪያ ክሬ ያለበት ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኳት።

ኮሚቴው ፒዮሪያ ጎዳና ላይ ካለች አንዲት ሱቅ ጓዳ ተሰበሰበ። እኔ አነባለሁ፣ እነሱ ይሰማሉ። የባትሪው ጋ ስደርስ ጋሽ ተወልደ መነጽራቸውን አውልቀው፣ “ይቺማ የኔ ንግግር ናት! ልጁ እውነቱን ነው። በሚመጣው ዓመት ዐሥር ደቂቃ ብቻ፤ ካለፍኩ ማይኩን ንጠቂኝ!” አሉ። ሁሉንም እንዲህ እየሳቁ፣ እየጻፉ ተቀበሉ። አንዳቸውም ቅር አላላቸውም። እዚያ መሀል የእኔዋን ባነባት ማን ይገድለኝ ነበር?

“ሌላ አለ፣ ዘነበች?” አሉኝ።

“አለቀ፣ ጋሽዬ።”

አለቀ አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም። ማይኩን እንዳልነጠቅ ፈራሁ፣ በቃ። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

በዓመቱ ጉባኤው ልዩ ሆነ። በሰዓቱ ጀመርን፤ ንግግር አጠረ፤ የምግብ ሰልፉ ሁለት ሆነ። ልጆቹ እርስ በርስ እየተነካኩ “የኔን ሰምተውኛል! ያ እኮ የኔ ነው!” ይባባላሉ። ሶስናም መጣች። ፀጉሯን ተሠርታ፣ ከፊት ወንበር ተቀምጣ፣ የተቀየረውን ሁሉ እያየች ፈገግ ትላለች። የእሷም ተራ እንደሚደርስ አምናለች።

ጥያቄውን ለምን አልተውኩትም? ብተወው ኮሚቴው “ምን ነካሽ?” ይለኛል። እሷን ብቻ ብዘላት ደግሞ ማንበቤ ይታወቃል። ይኸውላችሁ እንግዲህ፣ ማንበቤ እንዳይታወቅ ብዬ የአንዲት ልጅ ቁስል ላይ እያወቅኩ ቆምኩበት። መጀመሪያ ያደረግኩት ሳላስተውል ነው ይባል። ሁለተኛውስ? ሁለተኛው ምንም ስም አይወጣለትም።

“የማን ልጅ ነሽ?” አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ በአማርኛ፣ “አላነበባችሁትም?” አለችኝ።

“ምኑን?” አልኳት።

ደረቷ ላይ የለጠፈችውን የስም ወረቀት ላጠችና መድረኩ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። ወርዳ፣ በመሀሉ መተላለፊያ አድርጋ ወጣች። እኔስ ምን ብል ጥሩ ነው? “ዓይን አፋር ናት!” አልኩና አሳቅኳቸው። ጋሽ ተወልደም አብረው ሳቁ። እሳቸው ምን ያውቃሉ? ቃላቸውን እኔ እንዳጠፍኩባቸው ማን ነግሯቸው?

ከዚያ ወዲህ ሶስና መጥታ አታውቅም። ባለፈው ክረምት እናቷን ገበያ ሰልፍ ላይ አገኘኋት። የልጆች ነገር ተነሳና፣ “የኔዋ ምን ሆና እንደሆነ እንጃ” አለችኝ። “ትምህርት ቤት የልብሽን ጻፊ ብለው ወረቀት ሲሰጧት ባዶውን ትመልሳለች። ለምን ስላት፣ ማን ያነበዋል ትለኛለች።”

እጄ ላይ ቲማቲም ነበር። “ዘንድሮ ቲማቲሙም እሳት ሆኗል” አልኳት። አያችሁ? ያኔም አልተናገርኩም። ቤቴ ገብቼ ግን ቆርቆሮውን ከፈትኩ።

በማግስቱ ወረቀቷን ለጋሽ ተወልደ ወስጄ ሰጠኋቸው። ሁለት ጊዜ አነበቧት። “ዓይን አፋር ናት ስትይ እኔም ስቄአለሁ” አሉና ወረቀቷን መልሰው ሰጡኝ። “ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ቤቷ ሂጂ” አሉኝ። ሄድኩ። ሶስና ከክፍሏ አልወጣችም፤ አልፈርድባትም። ለእናቷ ሁሉንም ተናገርኩ። ቡና ላፍላ አላለችኝም፤ በሩን ግን ቀስ ብላ ነው የዘጋችው። ከሳምንት በኋላ በስልክ መልእክት ላከችልኝ፦ “ልጄ ወረቀቱን እንዳለ አውጡት ብላለች። ስሟን ግን አትጻፊ።”

ይኸው አወጣሁት። ማይኩንም አስረክቤአለሁ፤ ዘንድሮ መድረክ ላይ የሚጠየቀው ስም ብቻ ነው። ይህ ግን ዕዳዬን ቀነሰልኝ ብዬ አላወራም። ይቅርታ የምለምነው ጉባኤውን አይደለም፤ አንዲት ልጅን ነው። እሷም ይቅር እንድትለኝ አልጠብቅም።

አንድ ነገር ቀረኝ። የሦስተኛውን ጥያቄ መልስ አልነገርኳችሁም። በሚመጣው ዓመት ትመጣላችሁ? ለሚለው “አዎ” ብላ ነው የጻፈችው። ከተቀየረ አላለችም፤ አዎ ብቻ።

ልጄ፣ አላነበባችሁትም ወይ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። አንብቤዋለሁ። ምኑን ስልሽም አንብቤዋለሁ።