ብረት ያለበት ሰው

ባለፈው ክረምት ነው... ትምህርት ሲዘጋ ከማስተምርበት ቢቸና ወደ ሞጣ፣ አባቴ ቤት ገብቻለሁ። ላፕቶፔን ከፍቼ የማስተርስ ጥናቴን እሠራለሁ። ማግኔት አጠገብ የተለያየ ዕቃ ሲቀመጥ ጉልበቱ በየት በየት እንደሚሄድ በኮምፒውተር አስመስሎ ማሳየት ነው ሥራዬ።

አባቴ ወገቡን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። ሕመሙ ከጀመረው ቆይቷል፤ አሁን አሁን እግሩም ይደነዝዛል። በሳምንቱ አዲስ አበባ ኤም አር አይ ሊነሳ ቀጠሮ ይዘንለታል።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ መስመር?» አለኝ።

«የማግኔቱ ጉልበት ነው አባዬ። እየው... መሀሉ ላይ እንጨት ሳስቀምጥ ምንም አይመስለው፣ ዝም ብሎ ያልፋል። መዳብም ያው ነው። ብረት ሳደርገው ግን...»

መስመሮቹ ከየአቅጣጫው ጎብጠው ብረቱ ውስጥ ተሰበሰቡ።

«ያ የምገባበት ማሽንም ማግኔት ነው አላልሽኝም?»

«አዎ፣ በጣም ኃይለኛ ማግኔት። አይዞህ፣ ሰው እንደ እንጨቱ ነው፤ ምንም አይሆንም።»

ስክሪኑ ላይ ያለውን ብረት በጣቱ ነካ። 

«ብረት ያለበት ሰው ቢሆንስ?»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ሸሚዙን ገልጦ ጀርባው ላይ ያለውን ጠባሳ አሳየኝ። «በልጅነቴ በሬ ወግቶኝ ነው» ሲለን የኖረውን ጠባሳ።

«የመድፍ ፍንጣሪ ነው። አልወጣም።»

በደርግ ጊዜ ወታደር እንደነበረ እናውቃለን። ቆስዬ ነበር ብሎን ግን አያውቅም።

«ለምን ደበቅኸን?»

«ቆሰልኩ ካልኩ፣ አጠገብህ ማን ነበር ትሉኛላችሁ።»

አጠገቡ የነበረው አለማየሁ የሚባል የቢቸና ልጅ ነው። ያው መድፍ ገደለው። እናቱ ዛሬም ቢቸና አሉ፤ አባቴ ግን እሱ ተርፎ እሳቸው ፊት መቆም አቃተው። እዚያ ስመደብ አንድ ቀን እንኳ ሊጠይቀኝ አለመምጣቱ የገባኝ ያኔ ነው።

አዲስ አበባ ሐኪሙ ይህን ሲሰማ «እንኳን ሳይገቡ ነገራችሁኝ» አለ። ማግኔት በሌለው በሌላ ማሽን ታየ። ብረቱ አከርካሪው ሥር ነው፤ ልናውጣው ብንል ጭራሽ አልጋ ላይ ሊያስቀረው ይችላል ተባልን። እንዳመመው ወደ ሞጣ ተመለስን።

አውቶብሱ ቢቸና ሲደርስ «እንውረድ» አለኝ።

የአለማየሁ እናት፣ እማማ ጥሩነሽ፣ ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። አባቴ በዚያ ወገቡ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመና ሁሉንም ነገራቸው።

አላለቀሱም። «አፈር አልብሰኸዋል?» አሉት።

«በእጄ ነው የቀበርኩት፣ እማማ።»

«ፊቱን ወዴት አዞርከው?»

«ወደ ምሥራቅ።»

አንገታቸውን ነቀነቁ። «ይመጣል እያልኩ... ተዝካሩን እንኳ አላወጣሁለትም እኮ።»

ከዚያ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጎረቤታቸውን ተጣሩ።

«ለዕድሩ ንገሪልኝ... ልጄ ሞቶብኛል።»

ያን ዕለት ድንኳን ተተከለ። አባቴም እስከ ሠልስቱ ድረስ ከሐዘንተኛ እኩል ተቀመጠ።

መርዶ ቢዘገይም ልቅሶ አይቀዘቅዝም ለካ...